ቀይ ፕላስተር የተጠመጠመበት ማይክ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ሥጋ ቤት ስሄድ ዓይኔ ከሚዛኑ አይነሳም። ሐኪም ያዘዘልኝን ክኒን፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ሳላነብ አልውጥም። ጓደኛዬ ትራውደ ይህን ጠባዬን በሽታ ነው የምትለው። ገነት ብገባ እንኳ በሩ በደንብ መዘጋቱን ለማየት ተመልሼ እንደምወጣ ለሰው ሁሉ ታወራለች። ታውራ። በዚህች ከተማ ስንቱን የተሸፋፈነ ነገር ያወጣው ይኸው በሽታዬ ነው።

ስለዚህ ባለፈው መስከረም ትራውደ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ከመሪያችን ክፍል ፊቷ አመድ መስሎ ስትወጣ ሳይ፣ የሆነ ነገር እንዳለ ወዲያው ገባኝ። ምንም የለም አለችኝ። ምንም የሌለበት ሰው ኮቱን ገልብጦ አይለብስም። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ እየነዘነዝኩ ሄድኩና አወጣጣሁት።

እኔና ትራውደ ከልጅነታችን ጀምሮ የከተማችን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነን። የብር ማዕድን ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ወዲህ ይህች ተራራ ላይ የተቀመጠች ከተማ የምትኮራበት ነገር ቢቀራት እኛው ነን። ሁለታችንም አልቶ ነን፤ ወፈር ያለውን የሴቶች ድምፅ ነው የምንይዘው። ኦርጋኑ ያለበት ሰገነት ላይ በግራ በኩል እሷ ጫፉ ላይ ትቆማለች፣ እኔ አጠገቧ። ባሎቻችንን ቀብረን እንኳ በሳምንቱ እዚያው ቦታችን ላይ ቆመናል።

መሪያችን አቶ ቴስመር በጸደይ ከድሬስደን የመጣ ወጣት ነው። በብስክሌት ይሄዳል፣ ሰውን ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላል። ትህትናው ራሱ ያጠራጥረኝ ነበር። ለትራውደ የነገራት እንዲህ ነው፦ ከእኛ ጥግ የሚንቀጠቀጥ፣ ከዜማው ዝቅ የሚል ድምፅ ይሰማዋል። የማን እንደሆነ ለመለየት የድሮዎቹን ቀረጻዎች ሁሉ አዳመጠ፤ ግን ቀረጻው ላይ ያቺ ጥግ በሙሉ ደብዘዝ ትላለች። ይህ ደግሞ የዕድሜ ነገር ነው፣ ነውር የለውም፣ ሁላችንም እንደርስበታለን። ስለዚህ ከጥግዋ በዕድሜ የምትበልጠው ትራውደ ለዘንድሮው የገና ዝግጅት ቁጭ ብላ ብትሰማ ይሻላል። በጨዋ ደንብ ማባረር ይሉሃል ይህ ነው።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩት።»

«እሺ?»

«ምን ልበለው ጉድሩን? ሰባን አልፌአለሁ እኮ።»

«ሰባ ያለፈው ጉልበትሽ ነው እንጂ ጉሮሮሽ አይደለም» አልኳት።

ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። እኔ የትራውደን ኑሮ አውቀዋለሁ። ልጅ የላትም። ቤቷ ውስጥ የሚያወራት ሬዲዮኗ ብቻ ነው። ከንፈሯን የምትቀባው ሐሙስ ሐሙስ ለልምምድ ስትመጣ ነው፤ ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ነው የምትኖረው። ያንን ከወሰዱባት ክረምቱን አትወጣውም ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ድምፅዋን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዕድሜ ልኬን በቀኝ ትከሻዋ በኩል ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ የምንጭ ውሃ ነው። የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው፣ ወይም ደግሞ ከቴስመር ጭንቅላት። አልተኛም ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቴስመርን ነው። ልጅ ልጅ የሆኑ ዘማሪዎችን ሊያስገባ አሮጊቶቹን እየጠረገ ነው አልኩ። አንድ ወር ሙሉ ዓይኔን አልነቀልኩበትም፤ ምንም አላገኘሁበትም። ጭራሽ በጥቅምት የእውነት ሊያጣራ ፈልጎ፣ ማን ምን እንደሚዘምር እንድለይ ለጥቂት ሳምንት ቦታ ተቀያየሩ ብሎ ጠየቀን። ያን ቀን የልምምድ አዳራሹ በጩኸት ሊፈርስ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው ትዳሩን ይቀይራል እንጂ የሚቆምበትን ቦታ አይቀይርም። ወፍራሙን የወንዶች ድምፅ ከሚይዙት ከባሶቹ አንዱ ሽማግሌ ቦታዬን ከምለቅ ሃይማኖቴን ብለውጥ ይቀለኛል አለ። ድምፅ ተሰጠ፣ ሐሳቡ ወደቀ። እኔም እጄን አውጥቼ ነው የጣልኩት፤ ለትራውደ ስል እንኳ ቦታዬን አልለቅም ነበር።

እንግዲህ ቴስመር ንጹሕ ከሆነ ማን ቀረ? ቀረጻው። ቀረጻው ማለት ደግሞ ኤካርት ነው።

ኤካርት ላይፕሲግ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ሲቀዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ የሰፈራችን ሰው ነው። ዝግጅት በኖረ ቁጥር ሁለት ማይኮቹን ያቆማል፤ አንዱን በግራ እኛ ፊት፣ አንዱን በቀኝ ወንዶቹ ፊት። ከዝግጅቱ በኋላ ባለው ሰኞ ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ኬክ ይዘን እንሰበሰብና የተቀዳውን እንሰማለን። ሰው ሁሉ መዘምራኑን የሚሰማ መስሎ የራሱን ድምፅ ነው የሚፈልገው። እኔ ያንን ሰኞ እወደው ነበር። ከዓመታት በፊት ጉሮሮዬን ቀዶ ጥገና ባደረግሁ ጊዜ ድምፄ ይሄዳል ብዬ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ። ሐኪሙ ይመለሳል አለ፣ ተመለሰም፤ እንዲያውም ከድሮው ወፍሮ ተመለሰ። ቀረጻው ምስክሬ ነበር፤ የእኛ ጥግ ሁልጊዜ ለስለስ ብላ፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ ተዋህዳ ነው የምትወጣው።

ልስላሴዋን ነበር የማየው። ቴስመር ደብዘዝ ትላለች ካለ በኋላ ግን እንደገና አሰብኩበት። ለምን ደበዘዘች? አልቶዎቹ ብዙ ነን፣ ማይኩም አፍንጫችን ስር ነው ያለው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኤካርት ለሙከራ ሊቀዳ ዕቃውን ሲዘረጋ ጠጋ ብዬ አየሁ። እኛ ፊት ያቆመው ማይክ አንገቱ ላይ ቀይ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። የወንዶቹ የለውም። ምንድነው ይሄ ብዬ እንደዘበት ጠየቅሁት።

«ግራና ቀኙን እንዳላሳስት ነው» አለ፤ ይህን ሲል ቀና ብሎ አላየኝም።

ገመዶቹ እኮ አንዱ ጥቁር አንዱ ሰማያዊ ናቸው። ግራና ቀኙን ለመለየት ሌላ ምን ምልክት ያስፈልጋል? ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፤ የየዓመቱ ዝግጅት ፎቶ እዚያ ተሰቅሏል። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አየኋቸው። በቅርቦቹ ዓመታት አንድም ሳይቀር ቀዩ ፕላስተር እኛ ፊት ነው። ቀድሞ ቀድሞ ባሉት ላይ ግን በሁለቱም ላይ የለም።  ይህ ሰው ያንኑ ማይክ እያወቀ ነው እኛ ፊት የሚያቆመው አልኩ።

ለምን የሚለውን ለማግኘት አልደከምኩም። ኤካርት ሚስቱ በሞተች በዓመቱ ትራውደን አብረን እንኑር ብሎ ጠይቋት ነበር። እምቢ አለችው። እሱም ውሻ ገዛ። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እምቢ የተባለ ወንድ ስንት ዓመት ቂም ይይዛል? እኔ እንጃ፤ ግን ማይክ ካለው ብዙ ሊሠራበት ይችላል።

ለትራውደ አልነገርኳትም። ነገሩን ብታውቅ ተይው እንደምትለኝ አውቃለሁ። በኅዳር መጀመሪያ፣ ሰው ሁሉ በተሟላበት ልምምድ ላይ፣ ኤካርት መቅጃውን ሲከፍት እጄን አወጣሁ። አቶ ቴስመርን አንድ ነገር እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅሁ። በቀረጻ ሰው የሚባረር ከሆነ፣ መጀመሪያ ቀረጻው ራሱ ይመዘን አልኩ።

ኤካርት ቀዝቀዝ ብሎ የመቅጃውን የድምፅ መጠን ማዞሪያዎች አሳየ። ግራውም ቀኙም አንድ ቁጥር ላይ ናቸው። እዩት አለ። መዘምራኑ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ አገር ቁጥሩ አንድ ከሆነ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ሌላ የሚጠይቅ የለም። ቴስመርም እስከዚያን ቀን ያመነው ያንን ቁጥር ነበር።

«ማዞሪያው አንድ መሆኑን አያለሁ» አልኩ። «ጆሮአቸው አንድ ነው ወይ ነው ጥያቄዬ።»

ሁለት ሚዛን እኩል መሆናቸውን ማወቅ የፈለገ ሰው አንዱን ድንች በሁለቱም ላይ ያስቀምጣል። እኔም ያንኑ ነው ያደረግሁት። ሁለቱን ማይኮች ጎን ለጎን አስቆምኩ፤ ምት የሚቆጥረውን፣ ቀጭ ቀጭ የሚለውን መሣሪያ ከሁለቱም እኩል አርቄ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ቴስመር መቅጃው ላይ ጎንበስ አለ። አንድ ድምፅ፣ አንድ ርቀት፣ አንድ ቁጥር። የወንዶቹ ማይክ በየምቱ አረንጓዴ መብራቱን እስከ ላይ ያስወጣዋል። የቀይ ፕላስተሩ ግን ከታች ብልጭ ብሎ ይተኛል። ቴስመር ገመዱ ይሆናል ብሎ ገመዶቹን አቀያየረ። ድክመቱ ማይኩን ተከትሎ ሄደ።

«ግማሽ ያህል ነው የሚሰማው» አለ ቴስመር ቀና ብሎ። «ጥንድ አይደሉም እነዚህ። ለእኩል ድምፅ እኩል አይመልሱም።»

 ዞር ብዬ አየሁ፤ ሰው ሁሉ ወለሉን ያያል። ከኋላዬ ያለችው አልቶ የዜማ ወረቀቷን ጣለችና ለማንሳት ጎንበስ እንዳለች ቀረች። አፈሩ ብዬ ደስ አለኝ።

ኤካርትን ታውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አውቅ ነበር አለ። ከዓመታት በፊት ማይኩ ከሰገነቱ ድንጋዩ ወለል ላይ ወድቆ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ተጎድቷል፤ ከዚያ ወዲህ መስማቱ ደክሟል። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እኛ ፊት አቆምከው አልኩት።  በራሴ ላይ አሻግሮ ወደ ትራውደ አየ።

«ኤካርት፣ ተው» አለች ትራውደ በቀስታ።

እንግዲህ እሷ ካልተናገረች እኔ ልናገር አልኩና ተናገርኩ። እምቢ ስላለችው መሆኑን፣ የሴት ድምፅ እየሰረቀ ሲበቀል መኖሩን፣ ከአንድ የሬዲዮ ሰው ይህ እንደማይጠበቅ፣ ምንም አላስቀረሁም። ኤካርት አላቋረጠኝም። ገመዶቹን ጠቀለለ፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ተፈታበት። ባርኔጣውን አደረገ፣ ውሻውን ጠራ፣ ወጣ።

ቴስመር በሰው ሁሉ ፊት ትራውደን ይቅርታ ጠየቃት። ሳላጣራ ፈረድኩ አለ። ኬምኒትስ ካለ ጓደኛው እውነተኛ ጥንድ ማይክ ተውሶ እንደሚያመጣና በሱ ተቀድተን ነገሩ እንደሚለይ ነገረን። እኔ ያን ምሽት ከደስታዬ ብዛት ሁለት ቢራ ጠጣሁ። ትራውደ ግን አብራኝ አልመጣችም። ምስጋና ቢስ፣ አልኩ በሆዴ።

ጥንዱ መጣ። ከእንጨት ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ፋብሪካው ብዙ ማይክ ለክቶ እኩል የሚሰሙትን እየመረጠ ነው የሚያጣምራቸው፤ የሁለቱም ልክ ወረቀት ላይ ተጽፎ አብሮ ይመጣል። ወረቀቱን አንብቤ አበቃሁና እንደገና አነበብኩት። ወረቀት ማንም ይጽፋል ብዬ ደግሞ በቀጭ ቀጩ መሣሪያ ፊት አስቆምኳቸው። ሁለቱ መብራቶች እኩል ወጡ፣ እኩል ወረዱ። ገመዶቹንም አቀያየርኩ፤ ያው ነው። ቴስመር እጁን አጣጥፎ ቆሞ ታገሠኝ። በቃኝ፣ ይቀዳ አልኩ።

የዚያን ሐሙስ ውጭ በረዶው ይወርድ ነበር። ሰባቱንም መዝሙሮች በሙሉ ዘመርን፤ ልክ እንደ ገናው ዕለት። ከመጨረሻው በፊት መስኮቱን አየሁና ለትራውደ ሂጂ አልኳት፣ መንገዱ ሳይዘጋ አውቶቡሷን እንድትይዝ። ልትቀር ፈለገች። ክርኔን አስጠጋሁባትና ገፋኋት፤ ስድስቱ በቂ ምስክር ናቸው አልኳት። ሄደች። የመጨረሻውን ያለ እሷ ዘመርነው።

በማግስቱ ከሰዓት ቴስመር ክፍል ሄድኩ። ጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ቀረጻውን አቆመ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሁሉም እንነግራለን፣ ዛሬ ይሂዱ አለኝ። በሩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ። ለብቻው የሚሰማ ሰው ለብቻው የሚደብቀው ነገር አለው።

«ወይዘሮ ጉድሩን፣ መስማት እንደሚፈልጉ እርግጠኛ ነዎት?»

«ማይኮቹን የፈተሽኳቸው እኔ ነኝ። እሰማለሁ።»

ስፒከሩን ከፈተው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጥጋችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉድጓድ የወጣች ያህል ነው፤ አልቶዎቹ አሉ፣ ሙሉ ናቸው፣ ቅርብ ናቸው። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ወፍራም ነው። ከሁሉም ዘግይቶ ይገባል፣ ከዜማው በታች ይንጠለጠላል፣ ረጅሙን ኖታ ሲይዝ ይንገጫገጫል። ሌሎቹ ቀስ ሲሉ እሱ አይቀንስም፤ በእርግጠኝነት ነው የሚጮኸው። ከጎኑ ደግሞ አንድ ንጹሕ ድምፅ እየገፋ ወደ ላይ ሊያቃናው ይሞክራል።

«ወይኔ ትራውደዬ» አልኩ። እንባዬ መጣ። ለካ እውነቱን ነበር ይህ ልጅ። ዕድሜ ልኬን አጠገቧ ቆሜ አልሰማኋትም፤ ሰው ለሚወደው ጆሮው ያዳላል አልኩ። ቴስመርን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልክ ነበሩ አልኩት።  እጁን ወደ ማጥፊያው ሲዘረጋ ይተዉት አልኩት፣ እስከ መጨረሻው ልስማ። ለሷ የምነግራት እኔ ነኝ።

እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እያሰብኩ መዝሙሮቹ አለፉ። የመጨረሻው ተጀመረ። ያ ድምፅ አለ። እንደቅድሙ ዘገየ፣ እንደቅድሙ ተንቀጠቀጠ። ከጎኑ ይገፋው የነበረው ንጹሕ ድምፅ ግን የለም። ብቻውን ቀርቷል፣ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ሁለት ስንኝ ያህል ሰማሁ። ከዚያ አውቶቡሱ ትዝ አለኝ።

«ይሄ የሐሙሱ ነው?»

«የሐሙሱ ነው።»

«የመጨረሻው? ትራውደ ከሄደች በኋላ?»

«አዎ።»

እጄ ሳላዘው ጉሮሮዬ ላይ ሄደ፣ ጠባሳው ላይ። ከዚያ ልማዴ ተነሳብኝ። ቴስመር ቀረጻውን ነካክቶት ይሆን? ማይኩ ይሆን? ገመዱ? ወረቀቱ የውሸት ይሆን? አንድ በአንድ ሄድኩባቸው። ሁሉንም በእጄ ፈትሼአለሁ። የምጠረጥረው ነገር አለቀብኝ። ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው አያውቀውም ይላሉ፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩትን ድምፅ የጓደኛዬ ነው ብዬ አለቀስኩለት። አፈርኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቴስመር ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ፤ ሳልጠጣው ወጣሁ።

በቀጥታ ኤካርት ቤት ሄድኩ። ውሻው ጮኸብኝ፣ መብቱ ነው። ኤካርት በሩን ከፈተ፤ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሽ ብሎ አልጠየቀም። ወንበር ሳበልኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከቀዶ ጥገናው ወዲህ።»

ቀስ እያለ ነገረኝ። ከሕክምናው በኋላ በዘመርኩበት የመጀመሪያው ገና ቀድቶ እቤቱ ሲያዳምጠው ደነገጠ። ሰኞ ደግሞ ደርሷል፤ እኔ የድምፄን መመለስ ልሰማ ኬክ እየጋገርኩ ነው። ቀረጻው ተበላሸ ብሎ ለሁሉም ዋሸ። አስታወስኩት፤ ያን ዓመት ሰኞው ቀርቶ ነበር። እኔ በጊዜው ሰክሮ ነው ሳይቀዳ የቀረው ብዬ ለግማሽ ከተማ አውርቻለሁ። በዚያው ሰሞን አንዱ ማይክ ወድቆ ነበር፤ ሊያሠራው ጠቅልሎ ሊልክ ሲል ትራውደ መጣች።

«አትላከው አለችኝ። እኛ ፊት አቁመው አለች። ፕላስተሩንም የለጠፈችው እሷ ናት፣ እንዳልሳሳት።»

«ትራውደ?»

«እኔ አጠገቧ ሆኜ ጠንከር አድርጌ እዘምራለሁ፣ እሸፍናታለሁ አለች። ስትሸፍንሽ ኖረች።»

«ታዲያ ቴስመር ሲያስወጣት ለምን አልተናገረችም?»

ኤካርት የውሻውን ጆሮ አሻሸ።

«አንድ ሰው መውጣቱ ካልቀረ እኔ ልውጣ አለች። እኔ እቤቴ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፤ ጉድሩን ከወጣች ግን ማን እንዳስወጣት ስትመረምር ነው የምትሞተው አለች።»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነና አልቆም አለኝ። ኤካርት መሐረብ ፈልጎ ሲያጣ የወጥ ቤት ፎጣ ሰጠኝ። በሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፣ በሰው ፊት ነው ይቅርታ የምጠይቅህ አልኩት። አያስፈልግም አለ። ያስፈልጋል አልኩ። በር ላይ ስደርስ ግን አላስቻለኝም።

«ለምንድነው ታዲያ እምቢ ያለችህ?»

«ስለማንኮራፋ» አለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ መዘምራኑ ፊት ቆምኩና ያልኩትን አደረግሁ። ስለ ኤካርት የተናገርኩት ሁሉ ውሸት እንደነበር፣ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ የእኔ መሆኑን፣ የገናው ቦታ የትራውደ መሆኑን ተናገርኩ። ማንም አልደነገጠም። ያን ጊዜ ነው በዚያ ሙከራ ቀን ለምን ወለሉን ሲያዩ እንደነበር የገባኝ፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። ከተማውን ሁሉ ስጠረጥር የኖርኩ ሴት፣ ከተማው ሁሉ ተስማምቶ የደበቀብኝን አላየሁም። ትራውደ ተቆጣች። ዓይኗ ቀልቶ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና ማን ፈትሺ አለሽ፣ ማን አለሽ እያለች ትከሻዬን መታችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ።

ገና ደረሰ። ከታች፣ ከሕዝቡ ጋር፣ አምዱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ ሰገነቱን ሳይ እንግዳ ነገር ነው። አልቶዎቹ ቦታዬን አልሞሉትም፤ ከትራውደ ቀጥሎ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ አለ። ጥንዶቹ ማይኮች ከፊታቸው ቆመዋል። የትራውደ ድምፅ ሲመጣ ከመቶ መሃል ለየሁት፤ አሁን ማንንም ስለማይሸፍን ቀለል ብሎ ነው የሚወጣው። ከንፈሯ ቀይ ነው።

ወደ መጨረሻ ላይ፣ ሕዝቡ ሁሉ ተነስቶ የሚዘምረው መዝሙር ከመድረሱ በፊት፣ ወደ ጎኔ ዞር ስል አየሁት። አግዳሚዬ ጫፍ ላይ አንድ ማይክ ቆሟል። አንገቱ ላይ ቀይ ፕላስተር አለ።

ኤካርት ሊያጽናናኝ ከመቅጃው ሳይሰካ ባዶውን አቁሞት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ከአግዳሚው ስር ይሄዳል፣ አምዱን ይዞራል፣ በደረጃው ጥግ ይወጣል፣ ሰገነቱ ላይ ኤካርት ጉልበት አጠገብ መቅጃው ውስጥ ተሰክቷል። ኤካርት ገመዱን ስከተል እያየኝ ነበር። የመቅጃው መብራት እየበራ መሆኑን በጣቱ አሳየኝ።

ኦርጋኑ ጀመረ፣ ሕዝቡ ተነሳ። ትራውደ ከላይ አንገቷን አስግጋ ፈለገችኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ድምፄን ሳልቆጥብ ዘመርኩ።